ኮፍያ፣ ጥንቸል እና ብርድ ልብስ፦ የሰባት ሳምንት የኪሮሽ ማስታወሻ

1ኛ ቀን

ታናሽ እህቴ ለመውለድ ሰባት ሳምንት ቀርቷታል። ለሚወለደው ልጅ ሦስት ነገር በእጄ እሠራለሁ ብዬ ተነስቻለሁ፦ ኮፍያ፣ ትንሽ ጥንቸል እና ብርድ ልብስ። ንድፎቹን በሙሉ ከኢንተርኔት በነፃ ነው የማወርደው። ኪሮሽ ከያዝኩ ቆይቻለሁ፤ ግን እስከ ዛሬ የሠራሁት የጠረጴዛ ልብስና የአንገት ልብስ ብቻ ነው። እነሱ ትንሽ ቢሰፉም ቢጠቡም ማንም ልብ አይላቸውም። ኮፍያ ግን ልክ ይፈልጋል። ወይ ጭንቅላት ላይ ይገባል፣ ወይ አይገባም።

ስለዚህ የሠራሁትን እየጻፍኩ እሄዳለሁ፤ ያበላሸሁትንም ጭምር።

ዛሬ ክር አልነካሁም። ንድፍ ስፈልግ ነው የዋልኩት። ራቬልሪ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተ የሹራብና የኪሮሽ ንድፎች ማከማቻ ነው። መመዝገቡ ነፃ ነው። የምወደው መፈለጊያውን ነው፤ ነፃ የሆኑትን ብቻ፣ በኪሮሽ የሚሠሩትን ብቻ፣ እቤት ባለኝ ክር ውፍረት የሚሆኑትን ብቻ አውጣልኝ ማለት ይቻላል። ድሮፕስ የሚባለው የኖርዌይ ክር አምራችም ንድፎቹን በነፃ፣ ያውም በብዙ ቋንቋ ይለቃል።

ፎቶው ያማረ ንድፍ ብዙ ነው። ፎቶ ግን አያታልለኝም። መጀመሪያ የማየው በየዙሩ መጨረሻ የዓይኖቹ ብዛት መጻፉን ነው። (ኪሮሹ አንዴ ገብቶ ሲወጣ የሚፈጠረውን አንዱን ጥምዝ ዓይን እለዋለሁ።) ብዛቱን የማይጽፍ ንድፍ የት እንደተሳሳትኩ ሊነግረኝ አይችልም። ቀጥሎ የማየው በ10 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ዓይን መግባት እንዳለበት መጻፉን ነው። ከዚያ ሌሎች ሰዎች ሠርተው ያነሱትን ፎቶ እመለከታለሁ። የንድፍ አውጪዋ ፎቶ በጥሩ ብርሃን የተነሳ ነው። የሌሎቹ ፎቶ ደግሞ እውነተኛው ኮፍያ በእውነተኛ ጭንቅላት ላይ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ነፃ ማለት የኔ ሆነ ማለት አይደለም። አውርጄ መሥራት እችላለሁ። ፋይሉን ገልብጦ በራስ ስም ማሠራጨት ግን የሰው ድካም መውሰድ ነው። የሠሩትን ዕቃ መሸጥን በተመለከተ አንዳንዷ ትፈቅዳለች፣ አንዳንዷ አትፈቅድም፤ ንድፉ ግርጌ ላይ ይጻፋል። አንድ ሰው ስንት ጊዜ ተርትሮ፣ ስንት ጊዜ ቆጥሮ ያወጣውን ነገር በነፃ ሲሰጠኝ ቢያንስ ስሙን መጠበቅ አለብኝ።

2ኛ ቀን

ዛሬም ክር የለም። ደብተር ነው የያዝኩት።

የኪሮሽ ንድፍ በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ አጫጭር ምልክት ነው። ኤስ ሲ፣ ዲ ሲ፣ ኤች ዲ ሲ እያለ ይሄዳል። በየመስመሩ እየቆምኩ በጭንቅላቴ መተርጎም ስለሚያደክመኝ የራሴን ቃላት አወጣሁ። ሰንሰለት ሰንሰለት ነው። ከፍታ የሌለውን፣ ለማገናኘት ብቻ የሚሠራውን ማያያዣ አልኩት። ሌሎቹን በቁመታቸው ጠራኋቸው፦ አጭር፣ መካከለኛ፣ ረጅም።

አጭር ማለት ኪሮሹን አስገብቶ ክሩን መሳብ፣ ኪሮሹ ላይ ሁለት ጥምዝ ሲኖር ክሩን ጠምጥሞ በሁለቱም ውስጥ አንዴ ማውጣት ነው። ረጅም ከማስገባቱ በፊት አንዴ ይጠመጠማል። ከዚያ ሁለት ሁለቱን እያደረጉ በሁለት ጊዜ ይወጣል። መካከለኛውም እንደዚሁ መጀመሪያ ይጠመጠማል፤ ግን ሦስቱም ጥምዞች በአንዴ ይወጣሉ።

ረድፍ ሲያልቅ ለመዞር የሚሠራው ሰንሰለትም ከቁመቱ ጋር ይሄዳል። ለአጭር 1፣ ለመካከለኛ 2፣ ለረጅም 3። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኪሮሹ አዲሱ ረድፍ የሚሠራበት ከፍታ ላይ መድረስ አለበት፤ ሰንሰለቱ መሰላል ነው።

እነዚህን ቃላት ሳወጣ ለምቾት ብዬ ነበር። ከአደጋ እንደሚያተርፉኝ ያወቅኩት በኋላ ነው።

4ኛ ቀን

ናሙና። ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው፤ እኔም ለዓመታት ስዘለው ኖሬያለሁ።

የኮፍያው ንድፍ 4 ሚሊሜትር ኪሮሽ ይላል። በ10 ሴንቲሜትር ውስጥ 18 ዓይን፣ 20 ረድፍ። 15 በ15 የሚሆን ካሬ ሠራሁ። የዳሩ ዓይኖች ሁልጊዜ ስለሚለጠጡ ወይ ስለሚጨማደዱ የምለካው መሃሉን ነው። ማስመሪያ አስቀምጬ ቆጠርኩ። 16።

ሁለት ዓይን ምን አላት ትሉ ይሆናል። አስልቼ አየሁት። ኮፍያው ዙሪያውን 60 ዓይን ነው። 18 ዓይን 10 ሴንቲሜትር ከሆነ 60 ዓይን ወደ 33 ሴንቲሜትር ይመጣል። በኔ እጅ 16 ዓይን 10 ሴንቲሜትር ስለሆነ 60 ዓይን 37 ሴንቲሜትር ተኩል ይሆናል። ከአራት ሴንቲሜትር በላይ ልዩነት ነው። ገና የተወለደ ልጅ ጭንቅላት ዙሪያው 35 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ያ ኮፍያ አፍንጫው ላይ ይወርድ ነበር።

እጄ ላላ ያለ ነው ማለት ነው። ላላ ብሎ የሚሠራ ሰው በግድ አጥብቆ ልሥራ ቢል አይሆንለትም፤ ሦስት ረድፍ ከሄደ በኋላ እጁ ወደ ልማዱ ይመለሳል። መቀየር ያለበት ኪሮሹ ነው። በ3.5 ሚሊሜትር ሌላ ካሬ ሠራሁ። 18 መጣ። ንድፉ ላይ የተጻፈው የኪሮሽ ቁጥር የአውጪዋ እጅ ልክ ነው። የኔ ልክ የሚወጣው ከናሙናው ነው።

ናሙናውን አጥቤ አደረቅኩት፣ እንደገናም ለካሁት። አልተለወጠም። ክሩ አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ስለሆነ ነው። ሱፍ ቢሆን ሲታጠብ ሊለጠጥ ወይም ሊሰበሰብ ስለሚችል ከመታጠቡ በፊት በተለካ ልክ መተማመን አይቻልም።

6ኛ ቀን

ኮፍያው ተጀመረ። ከአናቱ ነው የሚነሳው። ሲጎተት የሚጠበብ ቀለበት ይሠራል፣ በውስጡ 6 ዓይን። በቀጣዩ ዙር እያንዳንዱ ዓይን ላይ ሁለት ሁለት፣ 12። ከዚያ 18፣ 24፣ 30። በየዙሩ 6 ይጨምራል፤ እስከ 60።

አምስት ዙር ሠርቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ጠፍጣፋ መሆን ነበረበት። እሱ ግን ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ ቁጭ አለ። ቆጠርኩ። 30 ዓይን፣ ልክ ነው። ጨመርኩበት የተባለው ቦታ ሁሉ ጨምሬያለሁ። ተረትሬ እንደገና ሠራሁ፤ አሁንም ሳህን።

ተበሳጭቼ አስቀመጥኩት።

7ኛ ቀን

ጠዋት ቡና ይዤ ንድፉን ከላይ እስከ ታች እንደገና አነበብኩት። ሥራውን ሳይሆን ቋንቋውን።

ንድፉ ዲ ሲ ይላል፤ ደብል ክሮሼ ማለት ነው። እኔ ዲ ሲን ደብተሬ ላይ ረጅም ብዬ ተርጉሜዋለሁ። በአሜሪካ አጻጻፍ ልክ ነው። በብሪታንያ አጻጻፍ ግን ዲ ሲ ማለት አጭሩ ነው። አንድ ዓይነት ፊደል፣ ሁለት የተለያየ ዓይን። ብሪታንያዎቹ አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ነው የሚጠሩት፦ አሜሪካ ሲንግል የሚለውን እነሱ ደብል ይሉታል፣ አሜሪካ ደብል የሚለውን እነሱ ትሬብል ይሉታል።

አሁን ሳህኑ ለምን እንደተፈጠረ ገባኝ። ቁመቱ አጭር የሆነ ዓይን በየዙሩ 6 ሲጨመርለት ክቡ ይዘረጋል። ረጅም ዓይን ግን ክቡን በአንድ ዙር ብዙ ያሰፋዋል። ስለዚህ ዳሩን ለመሙላት በየዙሩ ወደ 12 ዓይን ይፈልጋል። እኔ ረጅም እየሠራሁ 6 ብቻ ስጨምርለት ዳሩ አጠረና ወደ ላይ ሳበው። እጄም ቆጠራዬም አልተሳሳቱም። የተሳሳተው ትርጉሙ ነበር።

ንድፉ የየትኛው አገር አጻጻፍ እንደሆነ መጀመሪያ ላይ ካልተናገረ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ። ሲንግል ክሮሼ የሚል ቃል ካለበት አሜሪካዊ ነው፤ ብሪታንያዎቹ ያንን ቃል ለዚህ ዓይን አይጠቀሙበትም። አንድ ዓይን ዝለል ለማለት ስኪፕ ካለ አሜሪካዊ፣ ሚስ ካለ ብሪታንያዊ። የናሙናውን ልክ ጌጅ ካለው አሜሪካዊ፣ ቴንሽን ካለው ብሪታንያዊ። የኔው ንድፍ ቴንሽን ይል ነበር። አይቼው አልፌዋለሁ።

እነዚህን ምልክቶች ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፍኳቸው። ንድፉንም አጭር፣ አጭር እያልኩ በራሴ ቃል ገለበጥኩት። አጭር በየትም አገር አጭር ነው።

8ኛ ቀን

ዛሬ ደግሞ ተቃራኒው ደረሰብኝ።

በአጭር እየሠራሁ ሦስተኛውን ዙር ጨረስኩ፣ 18። አራተኛው 24 መሆን አለበት። እህቴ ደወለች፣ እያወራሁ ሠራሁ። እያንዳንዱ ዓይን ላይ ሁለት ሁለት ጨምሬ 36 አድርጌዋለሁ። በቀጣዩ ዙርም እንደዚያው ቀጠልኩ። ስልኩን ዘግቼ ሳየው ዳሩ እንደ ጎመን ቅጠል ተጨማዷል። ጠረጴዛ ላይ ብጫነው በአንድ በኩል ይተኛል፣ በሌላው ይነሳል።

ልተረትረው ስል ግን ቆም ብዬ አየሁት። ያምራል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዳይና ታይሚኛ የተባሉ የሒሳብ ምሁር በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በትክክል ይህንን አውቀው ሠርተውታል። ሃይፐርቦሊክ የሚባል ቅርጽ አለ። ከመሃሉ በራቁ ቁጥር ከጠፍጣፋ ገጽ በበለጠ ፍጥነት የሚሰፋ ገጽ ነው። ከወረቀት የሚሠራው ሞዴል ቶሎ ይቀደድ ነበር። እሳቸው ኪሮሽ አንስተው ዓይኖቹን በማይለወጥ መጠን እየጨመሩ ሄዱ፤ ተማሪዎች በእጃቸው የሚያጥፉትና የሚነኩት ሞዴል ተገኘ።

ስለዚህ ክብ ሥራ ሦስት ዕጣ አለው። ጭማሪው ሲያንስ ሳህን ይሆናል፣ ሲመጣጠን ይዘረጋል፣ ሲበዛ ይጨማደዳል። ስህተቴን በዓይኔ ሳየው የት እንዳለ ማወቅ እችላለሁ፤ መቁጠር እንኳ ሳልጀምር። ይህን ማወቄ ከኮፍያው በላይ አስደስቶኛል።

ጎመኑን ፎቶ አንስቼ ተረተርኩት።

11ኛ ቀን

ኮፍያው አለቀ። እስከ አሥረኛው ዙር እየጨመርኩ 60 ላይ ደረስኩ። በዚያ ጊዜ የክቡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 10 ሴንቲሜትር ተኩል ነበር። ይህንን በሌላ መንገድም ማረጋገጥ ይቻላል። የኮፍያው ዙሪያ ለ3.14 ሲካፈል የአናቱ ስፋት ይወጣል። 33 ለ3.14 ሲካፈል 10.5 ነው። ልክ መጣ። ንድፍ ባይኖር እንኳ በዚህ ስሌት ለማንም ጭንቅላት ኮፍያ ማውጣት ይቻላል።

ኮፍያ ከጭንቅላቱ ትንሽ የሚጠብበው አውቆ ነው። ሥራው ይለጠጣል። ከጭንቅላቱ እኩል ከሆነ ይወልቃል።

ከዚያ ሳልጨምር 16 ዙር ወደ ታች። ይኼ ክፍል አሰልቺ ነው፤ እጅ ብቻውን ይሠራዋል።

14ኛ ቀን

ጥንቸሉ። አሚጉሩሚ ይሉታል ጃፓኖቹ፤ ተሞልተው የሚሠሩ ትንንሽ አሻንጉሊቶች ናቸው።

ክሩ ጥጥ ነው። ጥጥ አይለጠጥም፣ ቅርጹን ይይዛል፣ ሕፃን አፉ ውስጥ ቢከተው ጠጉር አይለቅም። ኪሮሹን ደግሞ ክሩ መጠቅለያ ላይ ከተጻፈው ዝቅ አደረግኩት፣ 2.5። ሥራው ጥብቅ ካልሆነ የውስጡ መሙያ በዓይኖቹ መሃል ይታያል።

እዚህ ዙሮቹ አይዘጉም፤ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ሳይቋረጡ ይዞራሉ። ስለዚህ የዙሩ መጀመሪያ የት እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። የምልክት ማድረጊያ የለኝም። ቀለሙ የሚለይ ክር ቆርጬ የመጀመሪያው ዓይን ውስጥ አስገባለሁ፣ ዙሩ ሲያልቅ ወደ አዲሱ አዛውረዋለሁ። ከተገዛው ምልክት በምንም አያንስም።

16ኛ ቀን

የጭንቅላቱ ንድፍ ላይ ስህተት አገኘሁ። የኔ አይደለም፣ የንድፉ ነው።

አራተኛው ዙር 24 ላይ ያበቃል። አምስተኛው እንዲህ ይላል፦ አራት አጭር፣ ከዚያ ጭማሪ፣ ስድስት ጊዜ ድገም፣ ድምሩ 30። ሞከርኩት፤ ዓይኖቹ አለቁብኝ። ወረቀት ላይ አወረድኩት። አራት አጭርና አንድ ጭማሪ አምስት ዓይን ይበላል። ስድስት ጊዜ ሲደገም 30 ዓይን ይፈልጋል። እኔ ያለኝ 24 ነው። 24 ለ6 ሲካፈል 4 ነው። ስለዚህ ሦስት አጭርና አንድ ጭማሪ መሆን አለበት። ያ ደግሞ በትክክል 30 ይሰጣል። ድምሩ ልክ ነው፣ መመሪያው ላይ አንድ ቁጥር ተሳስቷል።

የመጀመሪያ ቀን በየዙሩ ብዛቱ የተጻፈበትን ንድፍ ነው የምፈልገው ያልኩት ለዚህ ነው። ድምሩ ምስክር ነው። መመሪያውና ድምሩ ካልተስማሙ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፤ የትኛው እንደሆነ በማካፈል ይታወቃል። ድሮ ቢሆን እኔ ነኝ የማልችለው ብዬ አስቀምጠው ነበር። ስንት ሰው እንዲህ ብሎ ተስፋ እንደቆረጠ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ለንድፉ ባለቤት ጻፍኩላት። ነፃ ንድፍ አራሚ የለውም። የሚያርመው የሠራው ሰው ነው።

17ኛ ቀን

ንድፉ ታርሟል። አመስግናኛለች።

22ኛ ቀን

ጥንቸሉ ቆመ። ጆሮ፣ እጅ፣ እግር ለየብቻ ተሠርተው ተሰፍተዋል። መስፋቱ ከመሥራቱ በላይ ጊዜ ወስዷል። ሁለቱን ጆሮ እኩል ቦታ ለማስቀመጥ መጀመሪያ በስፒል ይዤ፣ ከፊት አይቼ፣ ከኋላ አይቼ፣ ነቅዬ፣ መልሼ ነው የሰፋሁት።

መቀነሻው ላይ አንድ ዘዴ ተምሬያለሁ። ሁለት ዓይን ወደ አንድ ሲጠቃለል በተለመደው መንገድ ቀዳዳ ይተዋል። ኪሮሹን የሁለቱም ዓይኖች የፊት ክር ብቻ ውስጥ አስገብቶ ከዚያ እንደ አጭር መጨረስ ነው። የተቀነሰበት ቦታ አይታይም። ፊቱ ላይ ቀዳዳ ያለው ጥንቸልና የሌለው ጥንቸል ልዩነታቸው ትልቅ ነው።

የጥንቸሉን ዓይን በተመለከተ ንድፉ የፕላስቲክ ዓይን ይላል። ያንን አልተከተልኩም። ፕላስቲኩም ቁልፉም ሊወልቅ ይችላል፤ ሕፃን የያዘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። በጥቁር ክር ጠለፍኩት። እያንዳንዱን አካልም ከሰፋሁ በኋላ በኃይል ጎትቼ ፈትሼዋለሁ። እኔ ስጎትተው የሚላቀቅ ከሆነ አሁን ይላቀቅ።

24ኛ ቀን

ብርድ ልብሱ። በትንንሽ ካሬዎች ልሠራው አስቤ ነበር፤ ሦስት ቀለም ያላቸው 25 ካሬዎች። ከዚያ አሰብኩት። እያንዳንዱ ቀለም ሲጀምርም ሲያበቃም የክር ጫፍ ይተዋል። 25 ካሬ በ3 ቀለም በ2 ጫፍ 150 ጫፍ ነው። 150 ጊዜ በመርፌ ክር መሸሸግ። ካሬዎቹን ማገጣጠም ገና አልተቆጠረም። የምወልደው እኔ አይደለሁም፣ ቀኑም አይጠብቀኝም።

ስለዚህ ከመሃል ተነስቶ የሚያድግ አንድ ትልቅ ካሬ መረጥኩ። ሦስት ሦስት ረጅም ዓይን አንድ ላይ ተሰብስቦ፣ በመካከላቸው ክፍተት እየተተወ ይሄዳል። ማዕዘኑ ላይ ሦስት ረጅም፣ ሁለት ሰንሰለት፣ ሦስት ረጅም በአንድ ክፍተት ውስጥ። ማወቅ ያለብኝ ይኸው ነው።

ይህ ንድፍ የምልክት ሥዕልም አለው። ከጽሑፉ ይልቅ ሥዕሉን ነው የወደድኩት። ትንሽ ሞላላ ማለት ሰንሰለት ነው። የመስቀል ምልክት አጭር ነው። አናቱ ላይ አግዳሚ መስመር ያለው ዘንግ መካከለኛ ነው። ወገቡ ላይ አንድ ሰያፍ ጭረት ሲጨመርበት ረጅም ይሆናል። ዘንጉ ሲረዝም ዓይኑም ይረዝማል። የጃፓን ንድፎች በአብዛኛው በዚህ ነው የሚሠሩት፤ አንድ ቃል ጃፓንኛ ሳያውቁ ሠርቶ መጨረስ ይቻላል። የአሜሪካና የብሪታንያ ጣጣም ሥዕል ላይ የለም።

ክሩ ሊታጠብ የሚችል አክሪሊክ ነው፣ ሰባት ልቃቂት፣ እያንዳንዱ 50 ግራም። መጠቅለያው ላይ ያለው የቀለም ንክር ቁጥር ሰባቱም ላይ አንድ መሆኑን አይቻለሁ። ስሙ አንድ የሆነ ነጭ በሁለት ንክር ሁለት ነጭ ሊሆን ይችላል፤ ሱቅ ውስጥ አይለይም፣ ብርድ ልብስ ላይ ግን መስመር ሠርቶ ይታያል።

29ኛ ቀን

ዘጠነኛው ዙር ላይ ካሬው መጠምዘዝ ጀመረ። ማዕዘኖቹ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። ምክንያቱ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ መሥራቴ ነው። ዓይኖቹ ትንሽ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ይጋደላሉ፣ ያ ሲጠራቀም ሥራው ሁሉ ይሽከረከራል። መፍትሔው በየዙሩ መጨረሻ ሥራውን ገልብጦ ወደ ኋላ መዞር ነው። አንዱ ዙር ወደ ቀኝ ሲያጋድል ቀጣዩ ይመልሰዋል። ሁለት ዙር ብቻ ተርትሬ በዚህ መንገድ ቀጠልኩ። የቀረው ጥምዝምዝ ትንሽ ነው።

34ኛ ቀን

15ኛው ዙር። ስፋቱ 38 ሴንቲሜትር። ያሰብኩት 30 ዙር ስለሆነ ግማሽ ደረስኩ ብዬ ተደሰትኩ። ከዚያ የቀረውን ክር ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት።

የተጠቀምኩት 90 ግራም ነው። ከ350። ሩብ ያህል ብቻ!

ትንሽ ግራ ገባኝ፤ ከዚያ ገባኝ። የመጀመሪያው ዙር 12 ረጅም ዓይን አለው። ሁለተኛው 24፣ ሦስተኛው 36። ሠላሳኛው 360 ይሆናል። ዙሮቹ እኩል አይደሉም፤ ቁጥራቸው በጨመረ መጠን ክሩንም ጊዜውንም ይበላሉ። ከ1 እስከ 15 ሲደመር 120 ነው። ከ1 እስከ 30 ሲደመር 465። ስለዚህ እስካሁን ከሥራው ሩብ ነው የሠራሁት። ግማሹ የሚሞላው 21ኛው ዙር አካባቢ ነው።

ይህን ስሌት ወደ ክር ለወጥኩት። 90 ግራም ለ120 ሲካፈል 0.75። 465 በ0.75 ሲባዛ 349 ግራም። ያለኝ 350 ነው። 30 ዙር ብሠራ ለዳሩ የሚሆን አንድ ክንድ ክር አይተርፈኝም ነበር። 28 ላይ ብቆም 305 ግራም ይወስዳል፣ 45 ግራም ይተርፋል። በ28 እቆማለሁ። ስፋቱ 70 ሴንቲሜትር ይሆናል። ለሕፃን ይበቃል።

ሚዛን ከኪሮሽ ዕቃዎቼ ጋር አንድ ላይ መቀመጥ ያለበት ዕቃ ነው። የተረፈ ክር ለአንድ ነገር ይበቃኝ ይሆን የሚለውን ጥያቄ ከሚዛን በቀር የሚመልስ የለም።

39ኛ ቀን

አንጓዬን አመመኝ። አንድ ዙር አሁን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ዛሬ አልሠራም። ሕመሙን ችሎ መቀጠል ጀግንነት አይደለም፤ ሳምንት ሙሉ ያስቀምጣል።

44ኛ ቀን

28ኛው ዙር አለቀ። ዳሩን ሁለት ዙር በአጭር ዞርኩት። ማዕዘኑ ላይ ሦስት ሦስት አጭር፣ አለዚያ ማዕዘኑ ይጎብጣል። 14 ግራም ክር ተረፈ።

ጫፎቹን ሸሸግኩ። ልቃቂት በቀየርኩበት ቦታ ሁሉ 15 ሴንቲሜትር ጫፍ ትቼ ነበር። በመርፌ ወደ አንድ አቅጣጫ አስገብቼ፣ ገልብጬ ወደ ኋላ፣ እንደገና ወደ ፊት። ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ክር ስንት ጊዜ ቢታጠብ አይወጣም። አንዴ ብቻ የገባ ይወጣል። እዚህ ላይ አልቸኩልም፤ ስንት ቀን የተሠራ ነገር በአንድ ጫፍ ነው የሚፈታው።

ካውያ አልነካውም። አክሪሊክ ሲሞቅ ይሟሽሻል፣ አንዴ ከሞተ አይመለስም። አጥቤ፣ ውሃውን በፎጣ ጨምቄ፣ አልጋ ላይ ዘርግቼ፣ ማዕዘኖቹን በእጄ አስተካክዬ ተውኩት።

46ኛ ቀን

ለእህቴ ሰጠኋት። አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኳት። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲተኛ ልቅ ብርድ ልብስም አሻንጉሊትም አጠገቡ አይቀመጥም፤ ፊቱን ሊሸፍንበት ይችላል። ይኼ ልጁ ነቅቶ ወለል ላይ ሲጫወት ከሥሩ የሚነጠፍ፣ ታቅፎ ሲወጣ እግሩ ላይ ጣል የሚደረግ ነው። ጥንቸሉም መደርደሪያ ላይ ይጠብቀዋል። ይህን ካልነገርኩ ስጦታዬ ሙሉ አይሆንም ነበር።

ኮፍያውን እጇ ላይ አድርጋ ዘረጋችው፣ ለቀቀችው። ተመልሶ ተሰበሰበ። ‹‹ይበቃዋል ግን?›› አለችኝ። ‹‹አስልቼዋለሁ›› አልኳት።

50ኛ ቀን

ትናንት ሌሊት ወለደች። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ጠዋት ስትደውል መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ እሷ ነው፣ ቀጥሎ ስለ ልጅቷ። ሦስተኛውን ጥያቄ ለመጠየቅ አፍሬ ዝም ስል ራሷ ሳቀች። ‹‹ለክተዋታል›› አለች፣ ‹‹34 ሴንቲሜትር ተኩል።››

ኮፍያው 33 ነው። ከሰዓት በኋላ ፎቶ ላከችልኝ። ቅንድቧ ላይ አልወረደም፣ ከጆሮዋም አልተነሳም።